«አልገባኝም» ወይስ «እዚህ ጋ ተያዝኩ»?

ደብረ ብርሃን ላይ የሠፈር ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ማታ ብርዱ ስለማይቻል ጋቢ ተከናንቤ ነው የቤት ሥራ ጥያቄያቸውን በስልክ የማየው። ጠያቂዎቼ ሁለት ዓይነት ናቸው።

አንዱ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ ያነሳና «ጋሼ፣ 12ኛው አልገባኝም» ይላል። አለቀ። ምኑ እንዳልገባው በምን ልወቅ? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሠራለታለሁ፣ እሱ ይገለብጣል። በማግስቱ 13ኛውን ይዞ ይመጣል።

ሌላዋ ግን እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «የመንዝ በግ 5000 ብር ነበር። ለበዓል 20 በመቶ ጨመረ፣ ከበዓል በኋላ 20 በመቶ ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? እኔ 1000 ጨምሬ 6000 አገኘሁ። መልሼ 1000 ስቀንስ 5000 መጣ። የመጽሐፉ መልስ ግን 4800 ነው። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?»

ስህተቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መልሱን አልነገርኳትም። «ሁለተኛው 20 በመቶ የስንት ብር ነው?» አልኳት። ብዙም ሳትቆይ «ውይ! የ6000 ነው ለካ! 1200 ነው የምቀንሰው» ብላ ላከች።

የሷ ጥያቄ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ሳይፈጅ አይቀርም፣ የሱ አምስት ሴኮንድ። እኔ ጋ ሲደርስ ግን ይገለበጣል፤ እሱን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

ፎቶ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ጂኦሜትሪ ከሆነ ሥዕሉን በቃል ከመግለጽ ፎቶው ይሻላል። ብቻ የደብተሩም ገጽ አብሮ ይነሳ፣ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር።