«ሚ» ወይስ «ማይሰልፍ»?

ደብረ ማርቆስ ተቀምጣችሁ በእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ እየጻፋችሁ ነው እንበል። መጨረሻው ላይ «ኮንታክት ሚ» ይሻላል ወይስ «ኮንታክት ማይሰልፍ»? ሁለተኛው ትሁት ይመስላል፤ ግን ስህተት ነው። የሚደውለው ቀጣሪው ነው፣ የሚደወልለት እናንተ። ሰዎቹ ሁለት ናቸውና «ሚ» በሉ።

«ማይሰልፍ» የሚመጣው አድራጊውም ተደራጊውም እኔው ስሆን ነው፦ «አይ ሶው ማይሰልፍ ኢን ዘ ሚረር»። እዚህ «ሚ» አይሠራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሌላ ስም ሲጨመር ነው። «ዘ ቲቸር ኮልድ አልማዝ ኤንድ ማይሰልፍ» ይላል፣ የተማረ ለመምሰል መሰለኝ። እስቲ አልማዝን አውጧትና አንብቡት። «ኮልድ ማይሰልፍ» ጆሮ ይጎረብጣል። «ሚ» በሉና ተገላገሉ።

ባህር ዳር ብቻችሁን ከሄዳችሁ ግን «ባይ ማይሰልፍ» ነው። «ባይ ሚ» ሌላ ነገር ነው።