ጣሪያው አያፈስም፣ ያልበዋል፦ አሥራ አንድ ወር በቤት መኪና

ይህን የምጽፈው በነሐሴ ሌሊት፣ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ቆመን ነው። ከጎኔ የረጠበ ፎጣ አለ፤ ከራስጌዬ ያለውን ኮርኒስ አሁን ጠርጌው መቀመጤ ነው። ቤታችንን ሸጠን ለዘለቄታው በመኪና እንኑር ወይስ አንሸጥ የሚለውን ለመወሰን እኔና ባለቤቴ ለራሳችን የአንድ ዓመት ቀጠሮ ሰጥተን ነበር። ቀጠሮው እየደረሰ ነው፤ ገዢው ቀብድ ይዞ መልሳችንን ሲጠብቅ ነበር።

መኪናዋ አሮጌ ቅጥቅጥ ናት። ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ፣ ምድጃ፣ ቁም ሳጥንና የውኃ ታንከር ገብቶላታል፤ ጣሪያዋ ላይ ሶላር አላት። የገዛናት ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ በጥቅምት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነበርኩ፤ ከካምፕ ካምፕ ስዞር በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ኖሬያለሁ። ስድሳ ሞልቶኝ አንድ ቦታ መቀመጥ ሲመጣ ከበደኝ። ባለቤቴም «አንተ ስትዞር እኔ ቤት ስጠብቅ ኖርኩ፤ አሁን ይዘኸኝ ዙር» አለችኝ። የገዛንበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ።

ሞተሩም ፍሬኑም አላስቸገሩኝም። ሶላሩ መብራትና ስልክ ይችላል፤ የእንጀራ ምጣድ ግን አይችልም፣ እንጀራ እንገዛለን። ስለዚህ ሁሉ የምጨምረው የለኝም።

ነገሩ የጀመረው ታኅሣሥ ላይ፣ ጎርጎራ ሳለን ነው። ሌሊት ግንባሬ ላይ ውኃ ጠብ አለብኝ። ባትሪ አብርቼ ሳይ ኮርኒሱ ላይ ጠብታው ተደርድሯል። ዝናብ ከዘነበ ሁለት ወር አልፎት ነበር፤ ያኔ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። ባሕር ዳር እንደተመለስን ጋራዥ ወሰድኳት። ሙያተኛው ጣሪያው ላይ ወጥቶ «ስፌቱ ላልቷል፣ ያስገባል» አለና ሲሊኮን ቀባው። ከፈልኩ። ጥር ላይ ደገማት። ሬንጅ ለጠፈበት፤ ከፈልኩ። ከየካቲት እኩሌታ ጀምሮ ሙቀቱ ሲበረታ ኮርኒሱ ደረቀ፤ ዳነች ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሰኔ ሲገባ ከበፊቱ ብሶ መጣ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ጣሪያው ተቀባ።

ሐምሌ ላይ ባለቤቴ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ጠራችኝ። ለበዓል የምትለብሰው ነጠላ ጠቃጠቆ አውጥቷል። በርበሬው ጓጉሏል። ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከላሜራው ጋር በሚገናኝበት በኩል ያስቀመጥኳቸው የቅየሳ ደብተሮቼ ሻግተዋል። እነዚያን ደብተሮች በረሃም ደጋም ይዤያቸው ዞሬያለሁ። በእርሳስ የምንጽፈው እርሳስን ውኃ ስለማያስለቅቀው ነበር፤ ጽሑፉ እንዳለ አለ፣ ወረቀቱ ግን ተጣብቆ አልገለጥ አለ። አንዱን በቢላ ልከፍተው ስሞክር ቅጠሉ በእጄ ላይ ተፈረፈረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህችን መኪና በሌላ ዓይን ነው የማያት።

ከዚያ በኋላ ነው እንደ ባለሙያ ያሰብኩት። አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲመጣ መኪናዋን መስኮቷን ገርበብ አድርገን ትተናት እህቴ ቤት አደርን። ጠዋት ኮርኒሱ ደረቅ ነበር። በማግሥቱ ዝናብ ሳይኖር፣ መስኮት ዘግተን፣ ሽሮ ሠርተን፣ ውስጧ ተኛን። ጠዋት ኮርኒሱንና መስኮቶቹን በፎጣ ጠርጌ ስጨምቀው አንድ ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ ከግማሽ በላይ ሞላ። ውኃው ከሰማይ አልነበረም። የእኛው ነበር።

ሁለት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ ደግሞ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውኃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ያ እንፋሎት ቀዝቃዛ ላሜራ ሲያገኝ ጠብታ ይሆናል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ታኅሣሥና ጥር ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ጥርት ስለሚል ላሜራው ይበርዳል። በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ ውኃ የጠገበ ስለሆነ የረጠበው ነገር አይደርቅም። ጠዋት ጠዋት ከቅየሳ መሣሪያዬ፣ ከቴዎዶላይቴ መነጽር ጤዛ ስጠርግ የኖርኩ ሰው ይህን ለማወቅ ስምንት ወር መፍጀቴ ያበሳጨኛል።

ደላላውን አልረሳውም። ጣሪያውን በመዳፉ እየመታ «ጋሼ፣ ይቺ ቪላ ናት፤ አንድ ጠብታ አታስገባም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አታስገባም። ያልነገረኝ ከውስጥ የሚወጣውን እንደማታስወጣ ነው። ዛሬ ባገኘው አንድ ነገር እጠይቀው ነበር፦ በላሜራውና በኮምፔንሳቶው መሀል ምን አለ? አንድ ጥግ ነቅዬ አይቻለሁ፤ ባዶ ነው። ፎም የለም፣ ምንም የለም። «ለቀን ጉብኝት ነው የተሠራችው» ቢለኝ ይገባኛል፤ ለጡረተኛ ቤት ብሎ ሲሸጣት ግን ሰው ክረምት ከበጋ እንደሚያድርባት ያውቃል። ቤት መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት ኮርኒሱን አስነቅሉ። ሻጩ እምቢ ካለ ተዉት።

መፍትሔ ሞክሬያለሁ። በወባ ትንኝ ምክንያት ነበር መስኮት የምንዘጋው፤ አልጋው ላይ አጎበር አሰርን፣ የጣሪያው መተንፈሻ ላይ ወንፊት አድርገን ክፍት ተውነው። ምድጃውን በር ላይ አወጣነው። ጠብታው ቀነሰ፣ ግን አልቀረም። የደንገል ታንኳውን ወደ ዳር ሲጎትት ያገኘሁት ዓሣ አጥማጅ ነገሩን ስነግረው «አባባ፣ ታንኳውስ ቢሆን፣ እያወጣን ፀሐይ ካላስመታነው ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል» አለኝ። በነሐሴ ያ ፀሐይ ከየት ይመጣል?

ባለቤቴ ከእኔ ጋር አልተስማማችም። መጀመሪያ ላይ በሰው ፊት መኪና ውስጥ ማደሩ ያሳፍራት ነበር፤ አሁን ቤቱ ይሸጥ የምትለው እሷ ናት። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አቅራቢያ ያደርን ጊዜ ጉማሬዎቹ ሌሊት ወጥተው ሣር ሲግጡ ሰምታለች፤ ጎሕ ሲቀድ በሩን ከፍታ ቡናዋን እያፈላች ታንኳዎቹ ሲወጡ ታያለች። «አርባ ዓመት ግድግዳ ሳይ ኖሬ አሁን ውኃ አያለሁ፤ ለጠብታ ብለህ ወደዚያ ትመልሰኛለህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። እነዚያን ማለዳዎች እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያሳለፍነውን ያህል ደስ ያለኝ ጊዜ ከልጆቹ ልደት ወዲህ ትዝ አይለኝም።

ግን ደረቅ ጣሪያ የሌለው ሽማግሌ የት ይገባል? ጉልበቴ እርጥበቱን መናገር ጀምሯል። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን መኪናዋ የትም ስለማትሄድ፣ ዝናቡን ሸሽተን ወደ ሞቃት ቆላ እንወርዳለን ያልነውም አልሆነም። በአሥራ አንድ ወር ቦታ የቀየርነው አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ትናንት ለገዢው ደወልኩ። ቤቱ አይሸጥም አልኩት። «ዋጋ ልጨምር፣ አባባ?» አለኝ። የዋጋ ነገር አይደለም አልኩት። ለባለቤቴም ነገርኳት፤ ክረምት ክረምት ቤታችን እንገባለን፣ ጥቅምት ሲጠባ እንወጣለን። ዝም ብላ ጀበናዋን አጠበች። እኔ ደግሞ ለጥቅምት ፎም እያፈላለግሁ ነው። ኮርኒሱን ሙሉ በሙሉ አውርጄ፣ ላሜራውን አድርቄ፣ ቀዳዳ ሳልተው እለብጠዋለሁ። ደብተሮቹ እህቴ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ ተሰጥተዋል፤ ሁለቱ መገለጥ ጀምረዋል።