ባለ 24 ሚሊ ሜትሩ የሴንሰር ማጽጃ፦ ስዋቡ ይገዛ፣ ብሩሹ ይቅር

ጥር ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ የያዘ ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ጥምቀት አለ፣ ሰርግ አለ፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። ጉዱን የሚያወጣው ይኸው ጥርት ያለ ሰማይ ነው። በክረምት ደመና ተደብቃ የከረመች ጥቁር ነጥብ ጃን ሜዳ ላይ ከታቦቱ ድባብ በላይ ቁጭ ብላ ትገኛለች። ቀጣዩ ፎቶ ላይም እዚያው፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ላይ እዚያው። ሌንስ ተቀይሮ እንኳ ቦታዋን ካልለቀቀች የሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አቧራ ናት።

ለዚህ በብዛት የሚገዛው ከቻይና የሚመጣው የማጽጃ ስብስብ ነው። ለየብቻ የታሸጉ አሥር ገደማ ስዋቦች (ጫፋቸው ጨርቅ የለበሰ ጠፍጣፋ ማጽጃ ዘንጎች)፣ አንዲት ትንሽ የፈሳሽ ጠርሙስ፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ብሎወር፣ ብሩሽና ጨርቅ አለው። ስዋቦቹ ዋጋቸውን ያወጣሉ። ፈሳሹ እንደ ዓይነቱ ነው። ብሎወሩ ደካማ ነው፤ ብሩሹ ግን ሴንሰር አጠገብ መድረስ የለበትም።

መጀመሪያ መጠኑ። 24 የሚለው የስዋቡ ስፋት ነው። ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስዋቡ ቁመቱን ሞልቶ በአንድ ጉዞ ያዳርሰዋል። ሴንሰሩ አነስ ላለው ለክሮፕ ካሜራ ባለ 16 ሚሊ ሜትሩ ነው የሚገዛው። ሰፊውን ስዋብ ክሮፕ ሴንሰር ላይ ለመጠቀም መሞከር ጠርዙን ከካሜራው የውስጥ ግድግዳ ጋር ያፋትገዋል፤ እዚያ ያለውን ቅባት ይዞ ይመጣና የነበረው አቧራ ላይ ሌላ ችግር ይጨምራል። ጠባቡን ፉል ፍሬም ላይ መጠቀም ደግሞ ሁለት ጉዞ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ጉዞዎች የሚገናኙበት መሐል ላይ መስመር ይቀራል። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» ካለ አይታመን፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው።

ብዙ ሰው ሴንሰሩን እጭረዋለሁ ብሎ ይፈራል። ስዋቡ የሚነካው ግን ከሴንሰሩ ፊት ያለውን የማጣሪያ መስታወት ነው፤ አቧራውም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። ከፒክስሎቹ ትንሽ ራቅ ስለሚል ጥላው የሚጠራው አፐርቸሩ (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ሲጠብ ነው። በሰፊው ቀዳዳ፣ በኤፍ 2.8፣ ጨርሶ የማይታይ ብናኝ በጠባቡ፣ በኤፍ 22፣ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በክፍት አፐርቸር ፖርትሬት ብቻ የሚያነሳ ሰው አቧራውን ተሸክሞ ወራት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጠርሙሱ ሳይከፈት በፊት አንድ ፎቶ ይነሣ። አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 22፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ደመና የሌለበት ሰማይ። ፎከሱ በእጅ እንዲደበዝዝ ይደረግ፤ ሹተሩ (ከሴንሰሩ ፊት የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ክፍት ሆኖ ሳለ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ የግድግዳውን ጉድፍ ያጠፋዋል፣ የሴንሰሩን ግን አያጠፋውም። ከዚያ ፎቶውን መቶ በመቶ አጉልቶ ከጥግ እስከ ጥግ ማየት ነው። አቅጣጫው እንዳያሳስት፦ ካሜራውን ፊት ለፊት አድርገን ስናይ ፎቶው ላይ ከላይ በግራ ያለችው ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ከታች በግራ ናት። ላይና ታቹ ይገለበጣል፣ ግራና ቀኙ ግን አይለወጥም።

አብዛኛው አቧራ በአየር ብቻ ይለቃል፤ የስብስቡ ደካማ ጎን እዚህ ላይ ነው። ትንሹ ብሎወር ከታች የአየር ማስገቢያ የለውም፤ ስለዚህ ሲለቀቅ አየሩን መልሶ የሚስበው በዚያው በአፍንጫው ነው፣ አሁን ያራገፈውን አቧራ ጨምሮ። እንደ ጂዮቶስ ሮኬት ያሉት ከታች አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ስላላቸው ለብቻ ቢገዙ ይሻላል። የካሜራው አፍ ወደ መሬት ይዘቅዘቅ፤ የብሎወሩ አፍንጫ ከሌንስ መግጠሚያው ቀለበት ወደ ውስጥ ሳያልፍ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ጊዜ በኃይል ይጨመቅ። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል። በቆርቆሮ የታሸገው አየር የሚገፋውን ኬሚካል በፈሳሽ መልኩ ሊተፋ ይችላል፤ እሱ ከደረቀ በኋላ የሚተወው እድፍ ከአቧራ የባሰ ነው።

የመንፋቱ ነገር እዚህ ከተማ ውስጥ ሊታለፍ የማይችልበት ሌላ ምክንያት አለ። ከየግንባታው የሚነሣው አቧራ ውስጥ አሸዋ አለ፤ የአሸዋ ቅንጣት ደግሞ ከመስታወት የጠነከረ ነው። ሳይነፋ ስዋብ ማስገባት ያቺን ቅንጣት መስታወቱ ላይ እየጎተቱ መፋቅ ማለት ነው። የነጠላና የጋቢ ክር ግን ጉዳት የለውም፤ ፎቶ ላይ እንደ ቀጭን ትል ተጠማዞ ስለሚታይ ያስደነግጣል እንጂ በአንድ ንፊት ይወጣል።

ተነፍቶም የቀረ ካለ ወደ ስዋቡ ይኬዳል። ክፍሉ የተዘጋ ይሁን፣ ወለሉ ቀድሞ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ባትሪው ሙሉ መሆን አለበት፤ ይህ ለጥንቃቄ ያህል የሚባል አይደለም። ከሴንሰሩ ፊት የሚያንጸባርቅ መስታወት ባላቸው ካሜራዎች (ዲ ኤስ ኤል አር) ሜኑው ውስጥ ለማጽዳት የተዘጋጀ ምርጫ አለ፤ የሚያንጸባርቀውን መስታወት አንሥቶ ሹተሩን ከፍቶ ይይዛል። ባትሪው መሐል ላይ ካለቀ ሹተሩ ስዋቡ ላይ ይዘጋል፤ የሹተር ምላጭ ከታጠፈ ወጪው ከባድ ነው። በበልብ (ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ ሹተሩ ክፍት በሚሆንበት ምርጫ) ከፍቶ ለማጽዳት መሞከርም ያው አደጋ አለው፤ ጣት ስታመልጥ ይዘጋል። ይህ መስታወት በሌላቸው ካሜራዎች (ሚረርለስ) ላይ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ይቀላል፤ የእጅ መንቀጥቀጥን ለማካካስ ሴንሰሩ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን የማጽጃ ሞዱን አስጀምሮ ካሜራው የሚለውን መከተል፣ እጅንም ማቅለል ያስፈልጋል።

ስዋቡ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ፣ ቢበዛ ሁለት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የበለጠ ሲረጥብ የበለጠ የሚጸዳ ይመስለዋል። ጨርቁ ጠብታውን እስኪያዳርስ አሥር ሰከንድ ያህል ይጠበቅ። ከዚያ ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ፣ ጫፉ በትንሹ እስኪለመጥ ብቻ ተጭኖ፣ ሳይቆሙ እስከ ሌላው ጠርዝ በሦስት አራት ሰከንድ መሳብ ነው። ጠርዝ ላይ ሲደርስ ስዋቡ ይገልበጥና በንጹሑ ፊት ይመለስ። አለቀ፤ ያ ስዋብ ሁለተኛ አይገባም። ብርሃን ላይ ሲታይ ነጩ ጫፍ ላይ እንደ እርሳስ ጭረት ያለች ቀጭን ግራጫ መስመር ትታያለች። ያቺን መስመር አይቶ «ገና ይሠራል» ብሎ መልሶ የሚያስገባ ሰው ያወጣውን አቧራ መልሶ እየቀባ ነው።

ወደ ፈሳሹ ስንመጣ ስብስቦቹ አንድ አይደሉም። አንዳንዱ አልኮል የለበትም ተብሎ ይሸጣል፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ስዋቡ ከቆመበት ቦታ ላይ የውሃ ጠርዝ የመሰለ እድፍ ይተዋል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው ሌላ ስዋብ በአንድ ጠብታ ብቻ አርሶ መድገም ነው። ኤክሊፕስ የሚባለው የታወቀ ፈሳሽ ሜታኖል ነው፤ ወዲያው ይተናል፣ እድፍም አይተውም። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትነቱ እዚህ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ጠብታው ከተዳረሰ በኋላ ወሬ ማብዛት አያስፈልግም። ሜታኖል መርዝ ነው፣ እሳትም ይይዛል፤ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ለማስመጣት የሚያስብም ይወቀው፤ በሻንጣ ተደርጎ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ስዋቡን ብቻ ማስላክ ይቻላል። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል የቀረው ውሃ ስለሆነ ሴንሰር ላይ ምልክት ይተዋል፤ ለቁስል እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ብሩሹ ለምን ይቅር? ፀጉሩ ሌንስ መግጠሚያው አካባቢ ያለውን ቅባት አንድ ጊዜ ከነካ በሚቀጥለው ጉዞ ሴንሰሩ ላይ ይዘረጋዋል። ለካሜራው ውጫዊ አካል፣ ለቁልፎቹ ዙሪያ ግን ጥሩ ነው።

ቅባት ሌላ ጣጣ ነው። በአየር አይለቅም፤ ነጥቡ ክብ ሆኖ ጠርዙ የፈዘዘ ነው፣ ሁለት ሦስት ስዋብም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ኒኮን ዲ600 በዚህ ይታወቃል፤ ኩባንያው በ2014 ሹተሩን በነጻ እስከ መቀየር ድረስ ሄዷል። ሁለተኛ እጅ ዲ600 የሚገዛ ሰው የኤፍ 22 ፎቶውን ሳያነሣ ብር አይክፈል፤ በተለይ የፎቶውን የላይኛውን ግራ ጥግ ይመልከት።

በራሱ እጅ መሞከር የማይፈልግ ሰው ፒያሳም ሆነ ሌላ ቦታ ካሜራ ለሚጠግን ቢሰጥ ነውር የለውም። ግን ሲጸዳ ቆሞ ይይ። ስዋቡ ከማሸጊያው የሚወጣው ፊቱ ነው ወይ? መጠኑስ ለካሜራው ይሆናል? ኮምፒውተር የሚነፉበትን ኮምፕረሰር ካመጡ ካሜራውን ተቀብሎ መሄድ ነው፤ ከቱቦው ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይት ይወጣል፣ ግፊቱም የሹተርን ምላጭ ያጣምማል። የኤፍ 22 ፎቶ ከመጽዳቱ በፊትና በኋላ እዚያው ይነሣ። በዲ ኤስ ኤል አር ቪውፋይንደር (ዓይን የሚደገፍበት መስኮት) የሚታየው አቧራ ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ለሱ ብሎ መክፈል ገንዘብ መጣል ነው።

ሴንሰር ሲጸዳ የሚረሳ አንድ ዕቃ አለ፤ የካሜራው አፍ መክደኛ። ቦርሳ ውስጥ ተገልብጦ የሰነበተ ክዳን የውስጥ ጠርዙ ላይ አቧራ ይይዛል፤ ሲገጠምም በቀጥታ ወደ ውስጥ ያራግፈዋል። ሴንሰሩ ከመነካቱ በፊት ይህ ክዳንና የሌንሱ የኋላ ክዳን በሳሙና ታጥበው፣ ተራግፈው፣ ጥላ ቦታ በደንብ ይድረቁ።