«ሞተሩ ይውረድ» ሲሏችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው 30 ሺህ ብር ቀብድ ከተበላሁ በኋላ ነው። አሮጌ መኪና የያዛችሁ፣ እናንተ እንዳትበሉ።

መኪናዬ በፈረንጆች 1996 የተሠራች ኮሮላ ናት። 1.6 ሞተር፣ ባለ ካንዴላ ገመድ (ካንዴላ ነዳጁን የሚለኩሰውን እሳት የሚሰጠው ነው፣ ገመዱ እሳቱን ያደርስለታል)። ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት መቆራረጥ ጀመረች። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ አቅም ታጣለች። ማርሚታዋ «ፑፍ ፑፍ» ይላል፣ ከኋላ ቤንዚን ይሸታል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ይሻላታል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

ሰው የጠቆመኝ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ካንዴላዎቹን ፈታ፣ የኮምፕሬሽን ጌጁን (ፒስተኑ አየር ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚለካውን) እየተከለ ሞተሩን በቁልፍ አዞረ። ቁጥሮቹን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈልኝ፦ 140፣ 136፣ 138፣ 139። ከዚያ አለቃው ስልኩን አውጥቶ የፋብሪካውን ማኑዋል አሳየኝ። የጤነኛ ሞተር 191 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ዝቅተኛው 142 ይላል።

«አየህ ወንድሜ፣ አራቱም ከዝቅተኛው በታች ናቸው። ፋሻው አልቋል። ሞተሩ ይውረድ።» ፋሻ የሚሉት ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገውን ቀለበት ነው።

ዋጋው 120 ሺህ ብር። ቁጥር አይዋሽም ብዬ ቀብዱን ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ሥራው ሲያልቅ ትወስዳለህ» አለኝ። ወረፋ ስለነበረ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። ወረፋውን እግዜር ይስጠው።

እኛ ሰፈር ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ የጨረሱ ናቸው። ካርቶኑን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና ሳቁ።

«ልጄ፣ ይህቺ መኪና ከአራቱ ፒስተን በሦስቱ ነው የምትሠራው። አንዱ ፒስተን ነው የታመመው። ቁጥሩ ግን አራቱም እኩል ናቸው ይላል። ታዲያ አንዱን ብቻ ምን አስተኛው?»

እኔ ይህን አላሰብኩም ነበር። ጋሼ ሁለተኛውን ነገር አስከተሉ። ማኑዋሉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት እዚያ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተር ደግሞ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። 191ን በዚያ ልክ ስትቀንሱት 145 ገደማ ይመጣል። ለዚህ ዕድሜ ሞተር 138 ምንም አይልም! «ደግሞስ ሲለካ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦት ነበር?» አሉኝ። አልረገጠም። ልጁ ቆሞ በመስኮት ነበር ቁልፉን የሚያዞረው። ነዳጅ ካልተረገጠ አየር በደንብ አይገባም፣ ቁጥሩም ይወርዳል።

ከዚያ መኪናዋን አስነሱና የኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ የሚረጩትን) ሶኬት ተራ በተራ እየነቀሉ መለሱ። አንደኛው ሲነቀል ድምፁ ወረደ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሲነቀል ምንም ለውጥ የለም። የተኛው እሱ ነው። የሦስተኛው ካንዴላ ሲወጣ ጥቁርና እርጥብ ነበር፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ነዳጁ እየገባ ነው ማለት ነው፣ የጠፋው እሳቱ ነው።

«ማታ ና» አሉኝ። ስመጣ የግቢውን መብራት አጠፉ፣ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ሞተሩን አስነሱ። ልብስ ስንተኩስ የምንረጭበት ጠርሙስ አለ አይደል? በሱ ውሃ ጉም አስመስለው ገመዶቹ ላይ ነፉ። ወዲያው ከሦስተኛው ገመድ ወገብ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ብረት) ዘለለ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ገመዱ ብረት ሲነካው ኖሮ ተፍቋል። እርጥበት ባገኘ ቁጥር እሳቱ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ በዚያ ይሾልካል። ፀሐይ ሲወጣ የሚሻላት ለዚህ ነበር። (እጃችሁን ግን እንዳታስገቡ፣ እዚያ ውስጥ ያለው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ለሚያውቅ ሰው ተዉት።)

ሙሉ የገመድ ስብስብ 4,500 ብር ገዛሁ። ካንዴላም አብሬ ቀየርኩ። ያው ዋጋው ከረከሰ ተጠራጠሩ፣ ማሸጊያው ኦርጅናል የሚመስል ፎርጅድ ሞልቷል። ይኸው ስንት ዳገት ወጣሁባት።

እንደ ቪትዝ ያለ፣ ለእያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል (እሳቱን የሚያመነጨው) ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የተጠረጠረውን ኮይል ከጎኑ ካለው ጋር አቀያይሩልኝ በሉ። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ኮይሉ ነው፣ አለቀ። በኮምፒውተር ሲነበብ የስህተት ኮዱ ፒ0303 ካለ የሚቆራረጠው ሦስተኛው ፒስተን ነው ማለት ነው። ፒ0300 ካለ ግን መቆራረጡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል ማለት ነው።

ሞተር በእውነት የሚከፈትበት ጊዜ የለም አልልም። ሦስቱ 140 ሆነው አንዱ 90 ቢል ጣጣ አለ። ያኔም ቢሆን ትንሽ ዘይት እዚያ ፒስተን ላይ ጠብ አድርገው ድጋሚ እንዲለኩ ጠይቁ። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻ ነው። ካልጨመረ ቫልቭ (የአየሩ መግቢያና መውጫ በር) ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ነው። ይህን ሳያደርጉ 120 ሺህ የሚጠሩትን ሸሹ። ያልተቃጠለ ቤንዚን ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን) ስለሚያቃጥል ግን እየቆራረጠች ወራት አትንዱ።

ቀብዴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አለቃው ገና ሲያየኝ «ወረፋህ ደርሷል፣ አምጣት» አለ። አስነስቼ በሩ ላይ አቆምኳት። ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ኮፈኑን አየ።

«ይሄ ጊዜያዊ ነው» አለኝ። ብሩ የመለዋወጫ ተገዝቶበታልም አለ። የቱ መለዋወጫ እንደሆነ እስካሁን አላሳየኝም።