«ተቆርጧል፣ አንቀበልም» አሉኝ፤ የቆረጡት እነሱው ናቸው

ይህን የምጽፈው ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው። መገናኛ አካባቢ ግራፊክስ ካርድ (የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራው ክፍል) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። መስታወት ውስጥ የተደረደረ ዩዝድ፣ «ትናንት ከዱባይ የገባ ነው»፣ ከዚያ «ለአንቺ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ»። እሱን አልደግመውም።

ያለችኝ ኮምፒውተር ጠባቧ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ናት። ሥራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው፤ ሬንደር ላይ፣ ማለትም ዲዛይኑን ወደ ምስል ስቀይር፣ ታስለቅሰኛለች። ስለዚህ ራሷን ተሸክሜ ሄድኩና «ለዚህች የሚሆን ካርድ አላችሁ?» አልኩ። ሻጩ ጂቲኤክስ 1060 የሚባለውን ካርድ አወጣ። የእኔ ኬዝ (የኮምፒውተሯ ሳጥን) የሚቀበለው ቁመቱ አጭር የሆነውን ካርድ ብቻ ነው፤ ይሄ ሙሉ ቁመት ነው። ሲሰካው ክዳኑ አልገጥም አለ። «ቀላል ነው፣ እናስተካክላታለን» ብሎ ልጁን ጠራ።

ልጁ ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያስይዘውን ብረት በካቻቪቴ ፈቶ ጣለው። ክዳኑን በግራይንደር ቀደደው፤ ጠርዙን በሞረድ ፋቀው። ብናኙ እዚያው አጠገብ ተከፍቶ የተቀመጠው ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሯ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሲያርፍ በአፉ እፍ አለበት። ካርዱ የሚይዘው ነገር ስላጣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታሰረ። 1060 ባለ 6 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ የእኔ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሯ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ያ ገመድ የለውም፣ ጠቅላላ አቅሙም 255 ዋት ነው። ካርዱ ብቻውን እስከ 120 ዋት ይበላል። ልጁ ለሃርድ ዲስክ ከሚሄደው ገመድ በመቀየሪያ ቀጠለለት። ያ ገመድ ከ54 ዋት በላይ እንዲሸከም አልተሠራም። በራ፣ የካርዱ ስም ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ከፈልኩ። ደረሰኝ ስል «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ውሰጂ» ተባልኩ።

ማታ ሬንደር ስጀምር ብዙም ሳትቆይ ድርግም አለች። ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። መቀየሪያው ቀልጦ ገመዱ ላይ ተጣብቋል።

በማግስቱ መለስኩላቸው። ሻጩ ካርዱን ተቀብሎ ገለበጠው። ብረቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ክዳኑን አንስቶ የተቆረጠውን ጠርዝ ወደ መብራቱ አዞረ፤ በሕይወቱ አይቶት እንደማያውቅ ሁሉ አተኩሮ አየው። ከዚያ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ገፋው።

«እህቴ፣ ይሄ ተቆርጧል። የተቆረጠ ዕቃ አንቀበልም።»

ግራይንደሩ ወንበሩ ሥር ተቀምጧል። የቆረጠው ልጅ አጠገቡ ቆሟል። «እናንተ አይደላችሁም እንዴ የቆረጣችሁት?» አልኩ። «አንቺ ነሽ ያስቆረጥሽው። ፈቅደሽ።» ልጁን አየሁት፤ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ሻጩ ለሌላ ደንበኛ ፈገግ እያለ፣ ፊቱን እንኳን ሳያዞርልኝ፣ «ወንድም ካለሽ እሱን ላኪው፣ ከእሱ ጋር እንግባባለን» አለ። ከብሩ በላይ ያንገበገበኝ ይሄ ነው። የካርዱን ዋት ከእሱ በተሻለ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ገመዱ እንደማይችል ልጁ ገና ሲቀጥለው ስነግረው «አይዞሽ፣ በየቀኑ የምንሠራው ነው» ብሎ ዝም ያሰኘኝ እሱ ነው።

አሁን የምታዩት ዘዴውን ነው። ካልገጠመ ይቆርጡታል፤ ከተቆረጠ በኋላ መመለሻ የለውም።

ለጠባብ ኬዝ ቁመቱ አጭር የሆነ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል ካርድ አለ። ከማዘርቦርዱ ሶኬት በሚያገኘው 75 ዋት ይሠራል፣ ተጨማሪ ገመድም መቁረጥም አይፈልግም። ግራይንደር ሲነሳ ካያችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ደረሰኝ መስጠት ደግሞ የሻጩ ሕጋዊ ግዴታ ነው፤ «ነገ» ካሏችሁ ነገ ክፈሉ።

እኔ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤት ልል ነው። መገናኛ እንዲሁ ቆርጠው ሸጠውለት ደረሰኝ የከለከሉት ሰው ካለ ይጻፍልኝ፣ አብረን እንሂድ።