ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት፦ ነፃውን ሶፍትዌር ቆልፈው እየሸጡልን ነው

ገንዘቤን ከከፈልኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ንዴቱ ግን አሁንም አልበረደልኝም። እናንተም ተመሳሳይ ማስታወቂያ ሳያጋጥማችሁ አይቀርምና የሆነውን ልንገራችሁ።

የእህቴ ልጅ አኒሜሽን መማር ፈለገች። ኢንተርኔት ላይ ሳስስ አንድ የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራም አገኘሁ። «አንዴ ይክፈሉ፣ ዕድሜ ልክ ይጠቀሙ» ይላል። ከሥሩ ሰዓት ቆጣሪ አለ፤ ቅናሹ ሊያበቃ ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል። ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ግን «በዚህ ፕሮግራም የተሠሩ» ተብለው የተደረደሩት ምስሎች ዓይን ይስባሉ። ቸኩዬ ከፈልኩ።

ልጅቷ ከፈተችው። መሃል ላይ አንድ ግራጫ ኪዩብ፣ ከጎኑ ካሜራና መብራት። ትንሽ ነካካችና ሴቭ አደረገችው። የፋይሉን ስም ሳየው መጨረሻው ላይ «ብሌንድ» የሚል ቅጥያ አለው። ጠረጠርኩና ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትኩት። ከዚያ ሁሉ የተዘበራረቀ ምልክት በፊት፣ ገና ከመነሻው፣ «ብሌንደር» የሚሉ ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተቀምጠዋል።

ብሌንደር የታወቀ የ3ዲ አኒሜሽን ፕሮግራም ነው፤ ማንም ሰው ከራሱ ከብሌንደር ድረ ገጽ ሳንቲም ሳይከፍል ማውረድ ይችላል። እኔ የገዛሁት እሱኑ ነው፤ ያውም የቆየ እትሙን፣ ስሙና አርማው ተቀይሮ። ይባስ ብሎ ውሉ ላይ «አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይጫናል፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ክልክል ነው» ይላል።

ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ይህ ክልከላ ነው። ብሌንደር ድሮ ዝግ ነበር፤ ኮዱን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ) ባለቤቱ ካልፈቀደ ማንም የማያየው፣ የአንድ ኩባንያ ንብረት። በ2002 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ሲዘጋ ኮዱም አብሮ ሊቀበር ነበር። የፕሮግራሙ ፈጣሪ ቶን ሮዘንዳል ከባለሀብቶቹ ጋር ተነጋግሮ፣ 100,000 ዩሮ ከተገኘ ኮዱ እንዲለቀቅ ተስማሙ። ተጠቃሚዎች ካሉበት አዋጡ። በሰባት ሳምንት ሞላ። በዚያው ዓመት ኮዱ ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ለዓለም ወጣ፤ ተጠቀሙበት፣ ውስጡን እዩት፣ አሻሽሉት፣ አባዝታችሁ ለወዳጅ ስጡት የሚል ፈቃድ ነው። ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው የከፈቱትን በር ነው ይህ ሻጭ መልሶ ዘግቶ ቁልፉን የሸጠልኝ።

አሁን እኔም የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። ለሻጩ «ነፃ የሆነን ነገር እንዴት ትሸጣለህ?» ብዬ ጻፍኩለት። «ፈቃዱ መሸጥን አይከለክልም» ብሎ መለሰልኝ። በዚህ በዚህ እውነቱን ነው። ችግሩ እኛ «ነፃ» ሲባል «በነፃ» እየመሰለን ነው። አንዲት «በ» ሁሉን ነገር ትለውጠዋለች። በነፃ ማለት ሂሳብ የለውም ማለት ነው። ነፃ ሶፍትዌር ግን፣ የነፃ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራቹ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ይዞ ከተነሳ ጀምሮ፣ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ተጠቃሚው ነፃነት የሚነገር ነው። ስለዚህ ይሸጣል። ግን ሻጩ መብቱንም አብሮ ማስረከብ አለበት። በጂፒኤል ሕግ ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ኮድ፣ ለገዢው ማቅረብ አለበት፣ ፈቃዱን መደበቅና የሠሪዎቹን የመብት መግለጫ መፋቅ አይችልም፣ ገዢው ለሌላ እንዳይሰጥም መከልከል አይችልም። የእኔ ሻጭ አንዱንም አላከበረም።

ንግድ ማለት ደግሞ ዝግ ማለት አይደለም። ሬድ ሃት የተባለውን የሶፍትዌር ኩባንያ ተመልከቱ፤ ዋና ምርቱ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የተሠራ ነው፤ ደንበኞቹ የሚከፍሉት ለድጋፍና ለጥገና ነው። አይቢኤም በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በተቃራኒው ስካይፕን አስቡት። ለዓመታት በነፃ ተደዋወልንበት፣ ግን ዝግ ነበር። ባለቤቱ ማይክሮሶፍት በሜይ 2025 ሲዘጋው፣ ኮዱን ወስጄ ላስቀጥለው የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ መንገድ አልነበረውም።

ዝግ ሶፍትዌር አትግዙ እያልኩ አይደለም። እኔም ከፍዬ የምጠቀምባቸው አሉ፣ ሥራዬን አቅልለውልኛል። ብቻ ምን እንደምትገዙ እወቁ። አብዛኛውን ጊዜ የምትገዙት ፕሮግራሙን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱን ነው። «ዕድሜ ልክ» ሲባልም የማን ዕድሜ እንደሆነ ውሉን አገላብጣችሁ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የእናንተ ሳይሆን የምርቱ ዕድሜ ነው። ስትገዙ የተሰጣችሁን የፈቃድ ቁጥር የሚያረጋግጠው የሻጩ ሰርቨር ተዘግቶ፣ እናንተ ደግሞ ኮምፒውተር ቀይራችሁ እንደገና ልትጭኑት ስትሉ ያኔ ጉዱ ይፈላል።

ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ፕሮግራም ሲያምራችሁ ስክሪንሾቶቹን ከታወቁት ፕሮግራሞች ጋር አስተያዩ። ፋይሉ በምን ቅጥያ እንደሚቀመጥ ጠይቁና ያን ቅጥያ ብቻውን ፈልጉት፤ እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ በአምስት ደቂቃ እደርስበት ነበር። ውሉ ውስጥ ጂፒኤል የሚል ካያችሁ ኦሪጅናሉ የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላል። ሻጩን ሶርስ ኮዱ የት እንዳለ ጠይቁት። ከተንተባተበ ካርዳችሁን አታውጡ።

ልጅቷ ኦሪጅናሉን አውርዳ መማር ጀምራለች። እኔ ገንዘቤን መልሱልኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ከመጀመሪያው ወዲህ መልስ የለም። ዛሬ ጠዋት ገጹን መልሼ ከፈትኩት። ቅናሹ ሊያበቃ አሁንም ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።