መጅሊሱ ገባ፣ ሁለት ትራስ ይቀራል

ሶፋችን ላይ ሰው ተደላድሎ ሲቀመጥ ያየሁት ታናሽ እህቴን ሽማግሌዎች ሊጠይቁ የመጡ ቀንና የባለቤቴ አለቃ የመጡ ቀን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ያ ክሬም ቀለም ባለ ሰባት ሰው ሶፋ የሳሎኑን ግማሽ ይዞ ይጎለታል፣ እኛ ደግሞ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን ጀርባችንን ሶፋው ላይ አስደግፈን ቡና እንጠጣለን። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጎድል። ጎረቤት ሲጨመር አስር አስራ ሁለት ሰው መሆን ብርቅ አይደለም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» (ማንንም አይንቅም) ባሉበት ከተማ እየኖርኩ ሰባት ሰው በሚይዝ ዕቃ ሳሎኔን መዝጋቴ የራሴው ጥፋት ነው። ፎቶ አይቼ ነበር የገዛሁት።

ባለፈው መጋቢት ሶፋውን ለደላላ ሰጠሁና (በስንት እንደሄደ አልናገርም፣ ያማል) አረቢያን መጅሊስ፣ ግድግዳ ተከትሎ መሬት ላይ የሚደረደር የስፖንጅ መቀመጫ፣ አሠራሁ። የሠራልኝ ቤት ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ፣ ከፊት ጨርቅ የተደረደረበት፣ ከጓሮ ሦስት የስፌት መኪና የሚሠራበት ሱቅ ነው። ስሙን አልጽፍም። ምስጋናዬም ወቀሳዬም አንድ ላይ ነው፣ ሰውየውንም በየቀኑ በሩ ላይ አልፋለሁ።

ምስጋናው ይቅደም። ሳሎናችን 4 ሜትር በ5 ሜትር ከ20 ነው፣ በሩ በምሥራቅ በኩል። እኔ የፈለግሁት ዙሪያውን ነበር፤ የምዕራቡን ግድግዳ ሙሉ፣ ደቡቡንም ሰሜኑንም። በእነሱ አለካክ 11 ሜትር ከ80 ይወጣል። በሜትር 5,000 ብር፣ በድምሩ 59,000። ሊለካ የመጣው ተላላኪ ልጅ ሳይሆን ባለሙያው ራሱ ነው፣ አምሳዎቹን የጀመረ ሰውዬ። ሜትሩን ዘርግቶ እየጻፈ ሳለ እናቴ ወንበሯ ላይ ሆና ዙህር መስገድ ጀመረች። ጉልበቷ ካመማት ወዲህ ሱጁድ አትወርድም። ሰውየው ሜትሩን አጠፈና እስክትጨርስ ግድግዳው ስር ቆመ።

ደሴ ላይ ቂብላው፣ ስንሰግድ የምንዞርበት አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ነው፣ መካ ከኛ ቀጥ ብላ ሰሜን ላይ ናት። እናቴ እንዳሰላመተች ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ሰሜኑን ግድግዳ መጅሊስ ከሞላሽው እማማ የሚሰግዱት የእንግዳ እግር ፊት ነው። እዚያ ምንጣፍ ብቻ ይሁን፣ ተይው» አለኝ። ከምዕራቡም ትንሽ ቀንሶ 7 ሜትር ከ30 አደረገው፣ 36,500 ብር። የ22,500 ብር ሥራ በገዛ አፉ ሲመልስ ያየሁት ነጋዴ እሱ ብቻ ነው። ሰሜኑ ባዶ መሆኑ ክፍሉን ሰፊ ያደርገዋል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ምንጣፉ ከተነጠፈ በኋላ ነው የገባኝ። አሁን አርብ አርብ አምስት ሆነን እንሰግዳለን፣ ማንም ማንንም አይገፋም።

እናቴ ግን ገና አልረካችም። የመጅሊስ ስፖንጅ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፣ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። ናሙናውን በእግሯ ነካ አድርጋ፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ከተቀመጥኩ ማን ነው የሚያነሳኝ?» አለችው።

«እማማ፣ ድሮ እናትዎ ቤት መደብ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ! የጭቃ መደብ፣ ጀንዲ ተነጥፎበት።»

«እሱን እሠራልዎታለሁ።»

ከምዕራቡ ክንድ ጫፍ ላይ ሜትር ተኩል ያህል ቆረጠና ከሥሩ የሞራሌ እግር፣ ከላዩ ኮምፔንሳቶ አድርጎ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረገው። ስፖንጁ ሲጨመር 45 ይሆናል፣ የወንበር ቁመት ማለት ነው። ጨርቁ እስከ መሬት ስለሚወርድ እግሩ አይታይም፤ ከሩቅ ስታዩት መጅሊሱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትከሻውን የነቀነቀ ይመስላል። የክንድ ማሳረፊያውን ለማጥበቅ በመጣ ቀን እናቴን አስቀመጣትና ተነሽ አላት። በቀኝ እጇ አየር ስትጨብጥ አየ። የሚብስባት የቀኝ ጉልበቷ ነው። ምንም ሳይል ማሳረፊያውን ፈትቶ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረው፣ ሁለት ብሎን ጨምሮ አጠበቀው። ለዚህ ሁሉ የጨመርኩት 3,000 ብር ነው። ቤታችን ውስጥ ያ ቦታ «መደቡ» ይባላል፣ ልጆቼ መደብ የሚባል ነገር በሕይወታቸው ሳያዩ።

ጨርቅ ላይ ደግሞ ተከራክረናል። እኔ ነጭ ወርቃማ ነበር የመረጥኩት። «ነጭ ቡና ለማይፈላበት ቤት ነው» ብሎ ጥቅልሉን ወደ መደርደሪያው መለሰው። ጥቁር ቀይ ከፋይ ወሰድኩ፣ ዚፕ ያለው፣ ተገፎ የሚታጠብ። በሁለተኛው ሳምንት ከማንደጃው የፈነጠረች ፍም ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አበጀችበት፤ ቀለሙ ጠቆር ያለ ባይሆን ኖሮ እስካሁን ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሰሉና ረከቦቱ ባዶው የሰሜን ምንጣፍ ዳር፣ ከስፖንጁ አንድ ሜትር ርቀው ነው የሚቀመጡት፣ ስፖንጅ እሳት ካገኘ ቀልድ የለም። ከፋይ ለደሴ ብርድ የተፈጠረ ነው፣ በክረምት ስትቀመጡበት ይሞቃል። ኮምቦልቻ ላላችሁ ግን አልመክርም። እህቴ የኔን አይታ ያንኑ አሠራች። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላችኋል፤ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። እንግዶቿ አሁን ከፋዩ ላይ የጥጥ አንሶላ ተነጥፎላቸው ይቀመጣሉ።

መኝታ ቤቱን መጋረጃ ብቻ አስቀየርኩ። ገበር አለው፣ ብርድ ይይዛል፣ ጥሩ ነው። የልጆቹን ክፍል አልነካሁትም።

አሁን ወደ ወቀሳው። በስምንት ቀን ይደርሳል ብለው ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ፣ የገባው በአስራ ዘጠነኛው ቀን ነው። መብራት ጠፋ፣ ሰፊው ታመመ፣ ጨርቁ ከአዲስ አበባ አልመጣም፣ ነገ ኢንሻአላህ። መዘግየቱን እችለዋለሁ፤ ሶፋውን ግን ቀድሜ ሸጬ ስለነበር አስራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሊሾ ላይ ምንጣፍ አንጥፈን ከረምን። እናንተ መጅሊሱ በር ላይ ሳይደርስ የቆየ ዕቃችሁን አትልቀቁ።

ስፖንጁ ላይ የበለጠ ተናድጃለሁ። «ሁሉም አንድ ዓይነት ጠንካራ ነው» ተብዬ ነበር። በስድስተኛው ወር ልጆቼ የሚቀመጡበት ጥግ ሰመጠ፣ ስትቀመጡ ወለሉ ይሰማችኋል። ዚፑን ከፍቼ ሳይ ውስጡ በሙጫ የተጋጠመ ቁርጥራጭ ነው። ወስጄ ፊታቸው ላይ ስከፍተው መጀመሪያ «ልጆች ዘለሉበት» አሉኝ። ዘለው ይሆናል፣ የኔ ልጆች ናቸው፤ ሙጫውን ግን እነሱ አልቀቡትም። በኋላ ባለሙያው ራሱ መጥቶ አየና አፍሮ በአዲስ ወጥ ስፖንጅ ቀየረልኝ፣ የባጃጁ ብቻ ከኔ ሆነ። ስትረከቡ ላዩን በእጅ መጫን አይበቃም። አንድ በአንድ ዚፑን ከፍታችሁ እዩ፣ ከዚያ በጉልበታችሁ ተንበርከኩበት። ጉልበታችሁ ወለል ከነካ አትረከቡ።

ሌላው ሻጋታ ነው። የምዕራብ ግድግዳችን ከኋላው ዳገት አለ፣ ክረምት ላይ ያልበዋል። ነሐሴ ውስጥ ሽታ ሽታ ሲለኝ መደገፊያውን ሳብ አደረግሁት፤ ጀርባው በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል፣ ስፖንጁም ከታች ረጥቧል። ደሴ ተወልዶ፣ ደሴ ውስጥ መጅሊስ እየሠራ ያደገ ሰው ይህን ሲለካ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ሲጠራ መጥቶ ግድግዳው ላይ ቀጫጭን ሞራሌ መትቶ አምስት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሰጠው፣ ከሥሩም ጣውላ አነጠፈ፣ ሂሳብ አልጠየቀም። የሚገርመው የእናቴ መደብ ነው፤ ያው አንድ ግድግዳ ላይ ሆኖ አንዲት ነጥብ ሻጋታ የለበትም። ከሥሩ ነፋስ ይገባል። ድጋሚ ባሠራ ሁሉንም በእግር ነበር የማሠራው።

ደግሞ አሠራለሁ ወይ? አዎ፣ እሱው ጋ። ትናንት ቡና ላይ አስራ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፣ አንድም ሰው መሬት ላይ አልነበረም፤ እናቴ መደቧ ላይ ሆና ከሁሉም ከፍ ብላ ትመርቃለች። የሂሳቡን የመጨረሻ 1,500 ብር ግን እስካሁን አልከፈልኩም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ሁለት ትራስ ይቀረኛል። ዛሬ ጠዋት በሩ ላይ ሳልፍ «ማክሰኞ ነይ ውሰጂ» ብሎኛል። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።